«ይቆያል»

ላፕቶፕ ሻጭ ስለ ባትሪው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ይቆያል»። ስንት ሰዓት? ምን ሲሠራበት? ስንት ዓመት? ይህን ሁሉ መጠየቅ እንደ ንዝንዝ ይቆጠራል። መብራት ቢጠፋም ብዙ ሳይቆይ በሚመለስበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ቃሉ ይበቃው ይሆናል። ከዋና ከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖርና የእንጀራ ገመዱ ከላፕቶፕ ጋር ለታሰረ ሰው ግን «ይቆያል» የሚለው ቃል ተመዝኖና በሰዓት ተቆጥሮ ካልቀረበ ምንም ማለት አይደለም። እኔ መዝኜዋለሁ። የመዘንኩት ለምርምር ብዬ ሳይሆን ከቤቴ ላለመውጣት ነው።

ቤቴ እንሴኖ ነው። እንሴኖ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን፣ ከቡታጅራ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። በገበያ ቀን በርበሬው፣ በቆሎውና ቆጮው ከየገጠሩ በአህያ፣ በጋሪና በባጃጅ ይገባል፤ አቧራውና ጫጫታው እስከ አመሻሽ አይበርድም። በሌላው ቀን ግን ጸጥታዋ ለሚጽፍ ሰው የተሠራ ይመስላል። ከአዲስ አበባ ጠቅልዬ የመጣሁት እናቴ ከታመመች ወዲህ ነው። ወንድሞቼ እሷን ወደ አዲስ አበባ መውሰድ ይሻላል ይላሉ። እሷ ደግሞ ከእንሰቷና ከጎረቤቶቿ ተለይታ አራተኛ ፎቅ ላይ መቀመጥን ከሞት ለይታ አታየውም። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ጥያቄ ላይ ወደቀ፤ «አንቺ እዚያ ሆነሽ መሥራት ትችያለሽ ወይ?»

ሥራዬ ሦስት ዓይነት ነው። ተመራማሪዎች በየአገሩ ቀድተው የሚያመጡትን የቃለ መጠይቅ ድምፅ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እመልሳለሁ፤ የሰው ረቂቅ አርማለሁ፤ ሲቀናኝ ደግሞ እንደዚህ ያለውን መጣጥፍ እጽፋለሁ። ከሦስቱ የቤቱን ወጪ የሚሸፍነው የመጀመሪያው ነው። እሱ ደግሞ ቀጠሮ ያለው ሥራ ነው። «መብራት ጠፍቶብኝ ነው» የሚለው ምክንያት አንድ ጊዜ ያስተዛዝናል፤ ሁለተኛ ጊዜ ዝም ያሰኛል፤ በሦስተኛው ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ይገኛል። በማንም አልፈርድም፤ የሚያሠራኝም ሰው ለሌላ ሰው የገባው ቀጠሮ አለበት።

መቼም የመብራት ነገር ሲነሣ የአገር ወሬ ይከተላል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ግቤ 3ኛ ግድብ ውኃ አንሶ መብራት በመላ አገሪቱ በፈረቃ የታደለበትን ጊዜ የማያስታውስ የለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው የዓባይ ግድብ ተመርቆ ሁላችንም እሰይ ብለናል። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ የመጨረሻዋ ጠባብ መንደር ድረስ ማድረስ ሌላ። በትንሽ ከተማ መብራት የሚጠፋው ግድብ ስለጎደለ ላይሆን ይችላል። ነፋስ ምሰሶ ይጥላል፤ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ያርፋል፤ ትራንስፎርመር ይቃጠላል። የዓባይ ውኃ ቢሞላም የወደቀውን ምሰሶ የሚያነሣው ሰው ነው፤ ሰው እስኪደርስ ያለው ሰዓት ደግሞ የባትሪ ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ። የምሠራበት ላፕቶፕ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ገበያ ላይ የወጣ ሲሆን ዛሬም ባገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ውስጥ ፈላጊ አያጣም። ከሌሎች የሚለየው ሁለት ባትሪ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ከውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ሲሆን ሌላው ከበስተኋላ ሻጥ የሚደረግ ነው። መጀመሪያ የሚያልቀው የኋለኛው ነው። ሲያልቅ ማሽኑን ሳያጠፉ ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል፤ እስኪሰካ ድረስ የውስጡ ይዞ ይቆያል። ከኋላ የሚገባው ባትሪ ደግሞ በተለያየ መጠን ይመጣል፤ ቀጭኑ መደበኛና ወፍራሙ ትልቅ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የመደበኛው አቅም 24 ዋት ሰዓት ነው፤ የትልቁ 72። የውስጡ በሁለቱም ዘንድ ያው 24 ነው።

ዋት ሰዓት የሚለው መለኪያ አንባቢን አያስደንግጥ። እንስራና ጣሳ ብለን ብናስበው ይቀላል። ዋት ሰዓት የእንስራው መጠን ነው፤ ዋት ደግሞ በየሰዓቱ የሚቀዳው የጣሳ ብዛት። እንስራው 24 ጣሳ ቢይዝና በየሰዓቱ ስምንት ጣሳ ቢቀዳ በሦስት ሰዓት ያልቃል። ከዚህ የበለጠ ሒሳብ የለውም። ሻጩ «ይቆያል» ሲል የሚነግረን ስለ እንስራው ብቻ ነው፤ ጣሳው ያለው በገዢው እጅ ነው።

እንግዲህ የእኔን ጣሳ ለካሁ። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌ፣ ኢንተርኔት ዘግቼ መጣጥፍ ስጽፍ ማሽኑ የሚበላው ስድስት ዋት ተኩል ያህል ነው። ድምፅ እየሰማሁ ስገለብጥ ወደ ስምንት ይጠጋል። በስልኬ በኩል ኢንተርኔት ስቤ ብዙ ገጽ ስከፍት አሥራ አንድ ይደርሳል። ከዚያ የእንስራውን መጠን አየሁ። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት የሚያወጣበት ትእዛዝ አለው፤ ባትሪው ሲሠራ ስንት ይይዝ እንደነበርና ዛሬ ስንት እንደሚይዝ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የእኔ የውስጡ ከ24 ወደ 19 ወርዷል፤ የኋለኛው መደበኛ ባትሪ ደግሞ ከ24 ወደ 15። በድምሩ 34 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ለመጻፍ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ድምፅ ለመገልበጥ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ለኢንተርኔት ሦስት ሰዓት ማለት ነው። መብራት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጠፍቶ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በሚመጣበት ቀን፣ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሥራ የለሽ ሆኜ እቀመጣለሁ።

ትልቁን ለመግዛት ስነሣ ዋጋው ያሰበኝን ያህል እኔም አሰብኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በአዲስ ሒሳብ ነው የሚሸጠው። ውጭ ያለ ዘመድ ይላክልኝ የሚልም ሰው ይኖራል፤ የአየር መንገዶች ደንብ ግን መታወቅ አለበት። ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠ የላፕቶፕ ባትሪ መንገደኛ ያለ ልዩ ፈቃድ ሊይዝ ይችላል፤ ትርፍ ባትሪ ከሆነ ግን ከእጅ ሻንጣ ጋር እንጂ ወደ ዕቃ መጫኛው መግባት የለበትም። ትልልቆቹ የላፕቶፕ ባትሪዎች ከመቶ በታች ሆነው የሚሠሩትም በዋናነት ለዚህ ነው። የእኔ በዘመድ ሻንጣ መጣ።

ከመሰካቴ በፊት ቡታጅራ ላለ አንድ ጠጋኝ አሳየሁት። ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው በተፈታታ ስልክና ላፕቶፕ ተሞልቷል። ከመሳቢያው አንድ የተከፈተ የላፕቶፕ ባትሪ አወጣልኝ። ውስጡ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚመስሉ ስድስት ቱቦዎች ተደርድረዋል፤ ውፍረታቸው 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁመታቸው 65። «እህቴ፣ ጉዱ ያለው ድንጋዮቹ ላይ ነው» አለኝ። «ላዩ አዲስ ይሆናል፤ ውስጡ ግን ከአሮጌ ተለቅሞ የተበየደ ይሆናል። ሪፖርቱን አትመኚ፤ እሱም ሊዋሽ ይችላል። ሰዓትሽን ይዘሽ እስኪያልቅ ተጠቀሚበት። ሰዓት አይዋሽም።» በሕይወቴ ከሰማኋቸው የጋዜጠኝነት ምክሮች ሁሉ ይህ አንዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ድንጋይ ከየት መጣ የሚል ቢኖር ታሪኩ ረጅም አይደለም። ሊትየም አዮን የሚባለውን ባትሪ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 የጃፓኑ ሶኒ ነው። መሠረቱን የጣሉት ስታንሊ ዊቲንግሃም፣ ጆን ጉድኢናፍና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ጉድኢናፍ በዚያን ጊዜ የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ በኖቤል ታሪክ በዕድሜ የገፉት ተሸላሚ ናቸው። እንሴኖ ውስጥ በጨለማ የሚበራ ስልክ ሁሉ ከእኒህ ሰዎች ሥራ ጋር ዝምድና አለው።

ትልቁን ሰክቼ ሰዓት ያዝኩ። አዲሱ ባትሪ 70 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከውስጡ 19 ጋር 89። በሒሳብ ድምፅ ለመገልበጥ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆነኝ ይገባ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አለቀ። ጠጋኙ የፈራው ነገር ደርሶ ይሆን ብዬ የሚበላውን ስመለከት ግን ስምንት የነበረው ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ምክንያቱ ከእኔው ነበር፤ ባትሪ ተረፈ ብላ እጄ ሳላዛት የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጋለች፤ ኢንተርኔቱንም ሳትዘጋ ትታለች። ደመወዝ በተቀበሉበት ሳምንት ሥጋ እንደሚበዛው ማለት ነው። ትልቅ ባትሪ የሚጨምረው ሰዓትን ብቻ አይደለም፤ ጣሳውንም ያሰፋዋል።

ሌላም የሚተነተን ነገር አለ። በትልቁ ያገኘሁት ጭማሪ 55 ዋት ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ 9ኙን ያገኘሁት ባትሪው ትልቅ ስለሆነ ሳይሆን አዲስ ስለሆነ ነው፤ አዲስ መደበኛ ባትሪ ብገዛም አገኘው ነበር። ሁለቱም አዲስ ቢሆኑ ደግሞ ልዩነቱ 48 ከ96 ነው። ማሸጊያው ላይ ሦስት እጥፍ የሚመስለው ነገር፣ የውስጡ ባትሪ ለሁለቱም የጋራ በመሆኑ፣ በተግባር ሁለት እጥፍ ነው። ያረጀ መደበኛን ከአዲስ ትልቅ ጋር አወዳድሮ መደነቅ የሰባ ዓመት ሽማግሌን ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ጋር አስሩጦ ጎረምሳው ፈጣን ነው እንደማለት ነው።

ትልቁ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ማሽኑ ከበድ ይላል፤ ከበስተኋላው ጉብ ብሎ ስለሚወጣ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ያስቸግራል። ጠረጴዛ ላይ ግን ያው ጉብታ የፊደል ገበታውን ወደ ሰው ዘንበል ያደርገዋል፤ ለእኔ ተስማምቶኛል። ለመሙላትም ጊዜ ይፈልጋል። ነገር ግን እዚህ ላይ ለትንሽ ከተማ ሰው የሚጠቅም ምስጢር አለ። መብራት ሁለት ሰዓት ብቻ መጥቶ ቢሄድ ትንሹ ባትሪ ቀድሞ ሞልቶ የቀረው ጊዜ ይባክናል፤ ትልቁ ግን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይጠጣል። ዝናብ ሲዘንብ በትልቅ በርሜል የሚያጠራቅምና በጆግ የሚያጠራቅም ሰው ልዩነታቸው በዶፉ ጊዜ ነው የሚታወቀው።

ይህን ሁሉ ስለካ ያልለካሁት አንድ ነገር ጎረቤት ነበር። ትልቅ ባትሪ መግዛቴ በሁለተኛው ቀን ታወቀ። መጀመሪያ የመጡት ከአጥራችን ወዲያ ያሉት እናት ናቸው፤ ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፤ የምትደውለው ደግሞ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው። «ልጄ፣ ዛሬ ትደውላለች፤ ስልኬ ሞቷል» አሉኝ። ሰካሁላቸው። በማግስቱ የሌላ ቤት ልጅ መጣ፤ ለፈተና የሚያጠናው ስልኩ ላይ ነው። እምቢ የሚባልበት አንደበት የለም። የዛሬ ስልክ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ አለው፤ ወደ ዋት ሰዓት ሲመለስ 19 ያህል ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሲታከል ከ20 ያልፋል። ሁለት የሞተ ስልክ ሞላሁ ማለት የእንስራዬን ግማሽ ሰጠሁ ማለት ነው፤ በእኔ ሥራ ሲመነዘር አምስት ሰዓት ያህል። በትንሹ ባትሪ ዘመን «ለእኔም አልበቃኝ» ብል እውነት ነበር፤ ሰዉም ያውቀዋል። ትልቁ ይህን መልስ ቀማኝ።

መጀመሪያ ላይ ቅር አለኝ፤ አልዋሽም። የሚከፈለኝ በተገለበጠ ደቂቃ ነው፤ የሰጠሁትም ዋት ሰዓት በዚያው ተመን ገንዘብ ነው። ሒሳቡን የለወጠው የነሐሴ ዝናብ ነው። አንድ ማታ ነጎድጓዱ ሲያጓራ አድሮ መብራቱ ሄደ፤ በማግስቱም አልመጣም፤ በሦስተኛውም። እጄ ላይ ሊያስረክቡት ቀን የተቆረጠለት ሥራ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ሠራሁ፤ ብርሃኑንም ወደ ድሮው ዝቅታ መለስኩት። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትልቁም አለቀ፤ ሦስት ድምፅ ቀርቶኛል። ያለው መንገድ ቡታጅራ ሄዶ ጄኔሬተር ባለው ቤት ተቀምጦ መጨረስ ነው። እናቴን ግን ብቻዋን ትቼ ልሄድ አልችልም።

ከአጥር ወዲያ ያሉት እናት ሳልጠራቸው መጡ። ፍራሽ ዳር ቁጭ ብለው ለእናቴ መድኃኒቷን በሰዓቱ ሰጡ፤ ሾርባ አጠጡ፤ ያ ተማሪም ውኃ ቀድቶ አመጣ። እኔ ቡታጅራ ሄጄ ሥራዬን ጨርሼ በቀጠሮዬ ላክሁ። ማታ ስመለስ «ልጅሽ ደርሳለች» ሲሉ ለእናቴ ሰማኋቸው፤ ከዚያ በላይ ወሬ አላበዙም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» የሚለውን ተረት እስከዚያ ቀን ስለ ሎሚ ብቻ ነበር የማስበው። የሰጠሁት ሰዓት ሰዓት ሆኖ ተመለሰልኝ። የባትሪ ሪፖርቱ ላይ ይህን የሚያሳይ መስመር የለም።

ስለ ዕድሜው ደግሞ ላንሣ፤ «ይቆያል» ማለት ስንት ዓመት ለሚለውም መልስ መሆን አለበትና። የጉራጌ ቤት ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለክፉ ቀን ያኖራል፤ ሲከርምም ይበስላል እንጂ አይከፋም። ባትሪ እንደ ቆጮ አይደለም። ጢም ብሎ ሞልቶ ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ሳይሠራበትም ያረጃል፤ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ግማሽ ላይ ሆኖ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ቢውል ይሻለዋል። ሲሠራበት የሚያረጀው ደግሞ በሚሞላበትና በሚያልቅበት ዙር ብዛት ነው፤ ከሦስት መቶ እስከ አምስት መቶ ዙር ከተመላለሰ በኋላ አቅሙ ጉልህ ሆኖ ይቀንሳል። ትልቁ ባትሪ እውነተኛ ትርፉን የሚያሳየው እዚህ ነው። በቀን 24 ዋት ሰዓት የሚበላ ሰው ትንሹን በየቀኑ አንድ ሙሉ ዙር ያስኬደዋል፤ ትልቁን ግን በሦስት ቀን አንድ ጊዜ። ስለዚህ ትልቁ ሁለት ጊዜ ይቆያል፤ አንዴ በሰዓት፣ አንዴ በዓመት። በቲንክፓድ ላይ ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል፤ እኔ በጋውን እንዲህ አድርጌ ክረምት ሲገባ ወደ መቶ እመልሰዋለሁ። ክረምት ክፉ ቀን ነውና።

ላፕቶፓቸው የሚነቀል ባትሪ ለሌለው ሰዎችም መንገድ አለ፤ አዳዲሶቹ አብዛኞቹ የላቸውም። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ወደ ዋት ሰዓት ሲመለስ 74 ያህል ነው፤ ከእኔ ትልቁ ባትሪ ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ከእሱ ወደ ማሽኑ ሲሻገር የሚባክን አለ፤ ደግሞም ለስልክ ብቻ የተሠራው አምስት ቮልት ስለሚሰጥ ላፕቶፕን አያንቀሳቅስም። ላፕቶፑ በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ መሆኑንና ፓወር ባንኩ ሃያ ቮልት መስጠቱን አይቶ መግዛት ነው።

በቅርቡ እዚህ ያለ አንድ መምህር ላፕቶፕ ሊገዛ ሲል የትኛው ባትሪ ይሻለኛል ብሎ ጠየቀኝ። መልሼ የጠየቅሁት ሦስት ነገር ነው። ሰፈራችሁ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል? ስትሠራ ማሽኑ ስንት ዋት ይበላል? ቤትህስ በመብራት መጥፊያ ቀን ማን ማን ይመጣል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጽፎ ያዘ፤ ሦስተኛውን ሲሰማ ሳቀ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም፤ «ትልቁን ግዛ» አለችው።

ወንድሞቼ አሁንም አልፎ አልፎ ደውለው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል። የምሰጣቸው መልስ በሰዓት የተቆጠረ ነው፤ ብቻዬን ስሆን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ጎረቤት ሲመጣ አራት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ በኋላ ቡታጅራ። እናቴ ይህን ሒሳብ አታውቀውም። እሷ የምታውቀው መብራት ሲጠፋ ከወዲያኛው ክፍል የፊደል ገበታው ድምፅ እንደማይቋረጥ ነው።